ጥሎ መሄድ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሠራተኛ ከካቦ ጋር የኖረበት ታሪክ

እስቲ ዛሬ ከአንድ ቃል እንጀምር። ካቦ።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መንገድና ድልድይ ብቻ አይደለም የተወልን። ቃላትም ትቶልን ሄዷል። ፋብሪካ የእሱ ነው፣ ጎማ የእሱ ነው፣ ካቦም የእሱ ነው። በእነሱ ቋንቋ «ራስ» ወይም «አለቃ» ማለት ነው። በእኛ አፍ ሲገባ ግን ትርጉሙ ጠበብ አለና አንድ ዓይነት ሰው ብቻ መጥሪያ ሆነ፤ ራሱ የማይሠራ፣ የሚሠሩትን ቆሞ የሚያይ፣ ስም የሚመዘግብ፣ ደስ ሲለው ቀን የሚሞላ፣ ደስ ካላለው ቀን የሚቆርጥ።

ታዲያ ካቦ ቢያዳላብህ ምን ታደርጋለህ? የፋብሪካ ሠራተኛን ብትጠይቀው «ለማኅበሩ እናገራለሁ» ይልሃል። የቢሮ ሠራተኛ ትከሻውን ነቅንቆ «ምን አደርጋለሁ፣ ዝውውር እጠይቃለሁ» ይልሃል። ወደ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ያጨደ የጋይንት ወይም የስማዳ ሰው ግን ብዙም ሳያስብ «ጥዬው እሄዳለኋ!» ይላል።

እውነቱን ለመናገር እኛም ይህን መልስ ስንሰማ ስቀን አልፈን እናውቃለን። ኩርፊያ መስሎን ነበር። የአገሩን ታሪክ ትንሽ ገልበጥ አድርገን ስናየው ግን ነገሩ ኩርፊያ ሆኖ አላገኘነውም። የረጅም ዘመን ልምድ ነው፤ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ስሌት፣ የራሱም ዋጋ ያለው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ነው።

ርስተኛው እና ሹሙ

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ። ላይ ጋይንት ዋና ከተማው ነፋስ መውጫ፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ስማዳ ወገዳ፣ እስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ፣ ላዩ ውርጭ ታቹ ሐሩር የሆነ ምድር ነው። መሬቱ ብዙ ታርሶ ብዙ ታጥቧል። ድርቅም ደጋግሞ የጎበኘው አገር ነው።

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የዚህ አገር ገበሬ ድሃ ቢሆንም በአብዛኛው ባለርስት ነበር። በደቡብ እንደነበረው ጭሰኛ አልነበረም። የጉልት ጌታው ግብሩን ይበላል፤ ርስቱን ግን ነቅሎ መውሰድ አይቀለውም። ርስት የአባትና የእናት አጥንት ተቆጥሮ የሚገኝ ነውና። በጌታውና በገበሬው መካከል ያለው ጭቃ ሹም ደግሞ የዚያ ዘመን ካቦ ነው ማለት ይቻላል። ግብር የሚያስከፍለው እሱ፣ ሰው ለሥራ የሚያወጣው እሱ፣ ለወዳጁ የሚያቀልለው በጠላቱ ላይ የሚያከብደውም እሱ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የወጣው ከዚሁ ዓይነት ሹመት ነው።

ገበሬው ታዲያ ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ቢባልም ጭቃ ሹም ይከሰሳል። በዋርካ ሥር ቆሞ መሟገት፣ ዋስ ጠርቶ መርታት ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም የወንድነት ማሳያ ነበር። ሙግቱ ካልሠራ ሌላው መንገድ ከሹሙ እጅ መውጣት ነው። ወደ ዘመድ አገር ይሻገራል፣ ሲብስም ይሸፍታል።

ይህ «ከእጅ መውጣት» ትልቁን ንጉሥ ሳይቀር እንደተፈታተነ ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዙት ከ1860 ዓ.ም. መባቻ እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። ያ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉ እየተጠረበ መንገድ እየተሠራለት ነው የሄደው። አብረዋቸው የነበሩ የውጭ ሰዎች ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ጽፈዋል። ይህን ያደረገ አለቃ በታሪካችን ብዙ የለም። ሆኖም በዚያው ዘመን የንጉሡ ቁጣ በጌምድርን አቃጥሎት ነበር፤ ሠራዊቱም ሌሊት ሌሊት እየከዳ ከእጃቸው አለቀ። ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት አንገት ያስቆርጣል። በሌሊት መሄድ ግን ማንም ሊያግደው ያልቻለ እምቢታ ሆነ።

እንግዲህ ይህን ልምድ ይዘን ወደ ቆላ እንውረድ።

ቆላ መውረድ

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰቲት ሁመራ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ተስፋፉ። ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ። መሬቱ ሰፊ፣ ትራክተሩ ብዙ፣ ነዋሪው ግን ጥቂት ነበር። ትራክተር ያርሳል እንጂ ሰሊጥ አያርምም፣ አያጭድም። ስለዚህ ከደጋው ሰው ይወርድ ጀመር። ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከጎጃም፤ ከእነዚህም መካከል ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሰው በብዛት ከሚወርድባቸው ነበሩ። መጀመሪያ በእግር፣ በኋላም በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ - ወልድያ መንገድ በጋይንት ሲያልፍ በመኪና። ከጊዜ በኋላ መተማና ቋራም ተጨመሩ።

ከጉና ብርድ ወጥቶ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለው የሁመራ ሐሩር መውረድ እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያመው ሌላ ነው። ይህ ሰው በአገሩ ባለርስት ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቦታ አለው፣ በሰርግ ላይ መቀመጫ አለው፣ በሽምግልና ይጠራል። ቆላ ሲደርስ ግን በካቦው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይሆናል። «አንተ ደገኛ!» ተብሎ ይጠራል። የቀን ሠራተኛ መሆን ብቻ ሳይሆን ማንም መሆን ነው ሕመሙ።

ማዳላቱ በምን ይገለጣል? በትንንሽ ነገር ነው። አረም የበዛበት እርሻ ለማን ይሰጣል፣ የሳሳው ለማን? የኮንትራት ሥራ ሲለካ ገመዱ ለማን ይረዝማል? ውኃው ማን ጋ ቀድሞ ይደርሳል? ታሞ የተኛ ሰው ቀኑ ይያዝለታል ወይስ ይቆረጥበታል? ካቦው የአገሩን ልጅ ጥላ ሥር አስቀምጦ የሌላውን አገር ልጅ ፀሐይ ላይ ያቆማል። በቆላው አነጋገር «ሳሉግ» የሚባሉት፣ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ የለመዱ ሠራተኞች መላውን ያውቁታል፤ አዲስ የመጣው ደገኛ ግን አያውቀውም። ሌላው የጠብ ምንጭ ደግሞ በዓል ነው። የጋይንቱ ሰው ሚካኤልን በ12፣ ማርያምን በ21፣ መድኃኔ ዓለምን በ27 ማክበር ያደገበት ነው። አረም ግን በዓል አያውቅም፤ ካቦውም እንደዚሁ።

ታዲያ እንዴት ቻሉት? እኛ አራት ዘዴዎች ለይተናል።

አንደኛው አብሮ መውረድ ነው። ብቻውን ቆላ የሚወርድ ሞኝ ነው። የአንድ መንደር ልጆች፣ የአንድ ማኅበር ጠጪዎች፣ የወንፈልና የደቦ ጓደኞች ተጠራርተው ይወርዳሉ። በዚህ ዓይነት ካቦው አንዱን ሲነካ አሥሩን ይነካል።

ሁለተኛው የራስ አለቃ መያዝ ነው። ቡድኑ ከመካከሉ ዕድሜ ያለውን፣ አፍ ያለውንና ቁጥር የሚያውቀውን ሰው ይመርጣል። ዋጋ የሚነጋገረው እሱ ነው፣ የሥራውን ልክ የሚቆጣጠረው እሱ ነው፣ ቅሬታ የሚያቀርበውም እሱ ነው። አሥር ሰው ቢጮህ አመፅ ይባላል፤ አንድ ሽማግሌ ቢናገር ግን ምልጃ ይሆናል።

ሦስተኛው ወሬ ነው። አትናቁት። የትኛው እርሻ ገንዘብ ያቆያል፣ የትኛው ካቦ እጁን ያነሣል፣ የትኛው ባለሀብት ቃሉን ያከብራል የሚለው ሁሉ በነፋስ መውጫ ገበያ፣ በወገዳ ጠላ ቤት፣ በመኪና ላይ ይወራል። ያልተጻፈ መዝገብ ነው። ካቦው ስም ይመዘግባል፤ እነሱም የካቦውን ስም ይመዘግባሉ!

አራተኛውና የመጨረሻው ጥሎ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ስሌት አለ ያልነው ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። ቆባው ሲደርስ ከላይ ይከፈታል፤ በጊዜው ታጭዶ፣ ታስሮ ካልቆመ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። አጨዳው ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማለቅ አለበት። በሐምሌ አንድ ቡድን ጥሎ ቢሄድ ባለሀብቱ ሌላ ይፈልጋል። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቡድን ሌሊት ተነሥቶ ቢሄድ ግን ጠዋት ላይ የሚፈስሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጥሎ መሄድ ብቻ ሳይሆን ጥሎ ለመሄድ መቻል ራሱ ኃይል ነበር። ብልህ ካቦ ጥቅምት ሲቃረብ ጠባዩ ያምራል የሚባለው ወዶ አይደለም።

ሕጉ የት ነበር?

በዚያው ዘመን በመሐል አገር ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የወንጂ ስኳር ሠራተኞች፣ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችም አለቆቻቸው ያዳሉባቸው ነበር። ያዳላው ብዙ ጊዜ የውጭ ዜጋ አለቃ ነበረና የደመወዝና የክብር ልዩነቱ በግልጽ ይታይ ነበር። ማኅበር በሕግ ሳይፈቀድ ሠራተኛው በእድርና በመረዳጃ ስም ይሰባሰብ ነበር። በመጨረሻ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም ከወንጂ የመጡት አብርሃም መኮንን ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 210/1956ም ወጣ። ያ ማኅበር በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ እስከመጥራት ደረሰ።

ይህ ሁሉ ለሁመራው አጫጅ ምን አመጣለት? እምብዛም ነገር አላመጣለትም። በዚያ አዋጅ ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ሦስት ሳምንት እዚህ፣ ሁለት ሳምንት እዚያ የሚሠራ ሰው ከየት አምጥቶ ነው 50 የሚሆነው? ሕጉ በር ያለው ፋብሪካ፣ የደመወዝ መዝገብ ያለው ድርጅት አስቦ የተጻፈ ነው። የሰሊጥ ማሳ በር የለውም።

ልብ በሉ፤ ሁለቱ ሠራተኞች የጀመሩት ከአንድ ቦታ ነው። የወንጂው በእድር፣ የጋይንቱ በማኅበርና በወንፈል። የአንዱ እድር ወደ ሠራተኛ ማኅበር አደገ፤ የሌላው ወንፈል ግን ወንፈል ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ የሰዎቹ ንቃት አይደለም። አንዱ በየዓመቱ እዚያው ይገኛል፣ ሌላው ኅዳር ሲጠባ አገሩ ነው።

ደርግ ሲመጣ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ተተካ፤ ሰፋፊ እርሻዎችም የመንግሥት ሆኑ። በወረቀት ላይ ሠራተኛው የአገሩ ባለቤት ተባለ። በተግባር ግን ጥሎ የመሄድ መብቱ ጠበበ፤ መንግሥት አሠሪ ሲሆን ካቦው ካድሬ ይሆናልና። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሁመራ የመንግሥት እርሻ ሰው ሲጠፋ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ሰዎች በግዳጅ ተጭነው ሰሊጥ እንዲያጭዱ መወሰዳቸው የሚታወቅ ነው። ለምን ሰው ጠፋ? አካባቢው ጦርነት ነበረበት፣ ሁኔታው የከፋ ነበር። የለመደው ሰው በእግሩ መልስ ሰጠ። መንግሥት ደግሞ ለእግሩ መልስ በጭነት መኪና መለሰ። ጥሎ የመሄድ መብት ሲጠፋ የሚቀረው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ታየ፤ ከግዳጅ ሥራ የሚለየን ያ ቀጭን ክር ነው።

የመሄድ ዋጋ

እስካሁን ጥሎ መሄድን አሞካሸነው መሰለን። አሁን ሌላውን ገጽ እንይ።

ጥሎ የሚሄድ ሰው የሠራበትን ጥሎ ነው የሚሄደው። ገንዘቡ በአብዛኛው በሥራው ማለቂያ የሚታሰብ በመሆኑ፣ ሌሊት የወጣ ሰው የሁለት ሳምንት ላቡን ለዚያው ላዳላበት ካቦ ትቶለት ይወጣል። ሌላው ዋጋ በሽታ ነው። ወባ አለ፤ ካላዛር አለ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር በወረርሽኝ ሲነሣ፣ ከሁመራና ከመተማ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደመጡ ነው የጤና ባለሙያዎች ያመለከቱት። ከእርሻ ወደ እርሻ የሚንከራተት ሠራተኛ አጎበር የሌለበት፣ ከዛፍ ሥር የሚያድር ነው። ለበሽታው ይበልጥ የሚጋለጠውም እሱ ነው።

ለሴቶች ደግሞ ዋጋው ይብሳል። ወደ ካምፖቹ ምግብ ለማብሰል የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ወንዱ በሌሊት ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ይጀምራል፤ ብቻዋን ያለች ሴት ግን ሌሊት ወጥታ ወዴት ትሄዳለች? ካቦው ዓይኑን የጣለባት ሴት «ጥዬ እሄዳለሁ» የሚለው መልስ እንኳ በሙሉ የእሷ አይደለም።

ትልቁ ዋጋ ግን ሌላ ነው ብለን እናምናለን። ጥሎ መሄድ የሄደውን ሰው ክብር ያድናል፤ ካቦውን ግን እዚያው ይተወዋል። በሚቀጥለው ዓመት ወሬውን ያልሰማ ሌላ የእስቴ ልጅ ይመጣና በዚያው ገመድ ይለካል።

አንቀጽ 32

አሁን ወደሚያስገርመው ነገር እንምጣ። ጥሎ መሄድ ዛሬ በሕግ የተጻፈ መብት ነው!

በሥራ ላይ ያለውን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ገልጣችሁ አንቀጽ 32ን አንብቡ። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ከዚህም አልፎ ካሣ አለው፤ የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ። የጋይንት አባቶች ያለ ወረቀት ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር ሕጉ ዘግይቶ ደረሰበት ማለት ነው። አንቀጽ 14ም አሠሪ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ወሲባዊ ትንኮሳንም በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ማኅበር ለማቋቋምም 50 ሰው መሆኑ ቀርቶ ዛሬ 10 ይበቃል።

ግን ሰዓት አለው። በአንቀጽ 32 የሚሄድ ሰው ድርጊቱ ከተፈጸመበት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መብቱን መጠቀም አለበት። የቀረ ደመወዝ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል። ኅዳር ላይ አገሩ የገባ ሰው አዝመራ ሰብስቦ፣ ጥምቀትን አክብሮ፣ ፋሲካን ፈስኮ «እስቲ ያን ነገር ልጠይቅ» ሲል ስድስቱ ወር ሊያልቅ ጫፍ ላይ ነው። ማስረጃስ? ሕጉ የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይጠፋም። ታዲያ ስንቱ አጫጅ ነው ይህን የሚያውቀው? ስንቱስ የሠራበትን ቀን በራሱ ደብተር ጽፎ ይይዛል?

እዚህ ላይ ከዚያው አገር አንድ ነገር እንጨምር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አካባቢ የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሥራ ጀመረ። ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ገንዘብ ወይም እህል ይከፈለዋል። ይህም ሥራ ተቆጣጣሪ አለው፤ ተቆጣጣሪ ባለበት ደግሞ ማዳላት አይጠፋም። መርሐ ግብሩ ግን በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ደንግጓል። ኮሚቴው ሁልጊዜ ይሠራል አንልም። ነገር ግን ለዚህ አገር ሰው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አስቡት፤ በገዛ ቀዬው፣ ሳይሰደድ፣ ቆሞ «ተበድያለሁ» የሚልበት ቦታ! ያ ርስተኛው በዋርካ ሥር ቆሞ ጭቃ ሹሙን የሚሞግትበት ሸንጎ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው። ቆላው ላይ የጎደለው ይኸው ሸንጎ ነበር።

ማጠቃለያችን ይህ ነው። ከቅድመ አያቶቻችን ሁለት መልስ ወርሰናል፤ መሟገትና መሄድ። መሟገት በአገር ቀረ፣ መሄድ ብቻ ወደ ቆላ ወረደ። ሕጉ አሁን ሁለቱንም ጽፏቸዋል፤ የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው። ቡድኑ የሚመርጠው ያ ቁጥር የሚያውቅ ሽማግሌ አንድ ደብተር ቢይዝ፣ ቀኑንና የእርሻውን ስም ቢጽፍ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ወረዳ ወርዶ ቢከስስ፣ የሄዱት ሰዎች ካቦውን እንዲሁ ጥለውት አይሄዱም ነበር።

ቀጣዩ ሐምሌ ሲመጣ ከነፋስ መውጫ መናኸሪያ መኪናዎች ሞልተው መውጣታቸው አይቀርም። የሚወርድ ወንድም ያላችሁ ከስንቁ ጋር አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ጨምሩለት።

ቸር እንሰንብት።